በአልጋዬ ላይ ሆኜ የሰበሰብኳቸው የዱር ፈረሶች

ሕመሙ የጀመረኝ ከወገቤ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ አውራ ጣት በምታክል ቦታ ላይ ነው። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ካርታ ልስል ክንዴን ሳነሳ ይወጋኛል፤ ሳወርድ ይተወኛል። የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። ካርታ ሳልስል የምውልበት ቀን ስለሌለ፣ ሕመሙም ሳይጎበኘኝ የሚውልበት ቀን አልነበረም።

ቦንጋ ላይ ወገቤን አመመኝ ላለ ሰው የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «ብርድ ነው።» እኔ ከዳንግላ ተመድቤ የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ስለ ብርድ የሚያስተምረኝ አልፈልግም። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ግን «የአገርሽ ብርድ ደረቅ ነው፣ የዚህኛው እርጥበት አጥንት ውስጥ ነው የሚገባው» አሉኝ። አንዱ ዝንጅብል አዘዘልኝ፤ አንዷ ከቦርሳዋ ቅባት አውጥታ ሰጠችኝ። ሌሊት ሌሊት ላብ ያጠምቀኝ ጀመር። ቀሚሴ ሰፋኝ። መክሳቴን ያዩ ባልደረቦቼ «አማረብሽ፣ ምን አድርገሽ ነው?» ይሉኝ ነበር። እኔም ሳልደክም ያገኘሁትን ውበት አመስግኜ ተቀበልኩ።

ከዚያ ሺሺንዳ ገበያ አጠገብ ወደሚኖሩ የታወቁ ወጌሻ ወሰዱኝ። ደግ ሰው ነበሩ። በቅቤ አሹኝ፣ በጉልበታቸው ተጫኑኝ፤ በማግስቱ ቀለለኝ። ትንሽ ቆይቶ ባሰብኝ። ቀለል ያለኝን ቀን ብቻ እያስታወስኩ ተመልሼ ሄድኩ። ይህን የምጽፈው ወጌሻ ለመስደብ አይደለም፤ ወለምታና ስብራት ያቃኑ ብዙ እጆች አሉ። ነገር ግን የሌሊት ላብ፣ ክሳትና የማይተው የጀርባ ሕመም አንድ ላይ ከመጡባችሁ ጀርባችሁን ማንም እንዳይጫነው። መጀመሪያ ኤክስሬይ ተነሱ።

ነገሩን የነቁበት የቤት አከራዬ እትዬ በላይነሽ ናቸው። ወላጆቻቸው ከመንዝ መጥተው የሰፈሩ፣ እሳቸው ግን ቦንጋ ተወልደው ቦንጋ የኖሩ፣ ልጆቻቸውን ድረው ለብቻቸው የቀሩ ሴት ናቸው። አንድ እሑድ ጀርባዬን ሲቀቡኝ እጃቸው ቆመ።

«ስመኝ፣ ይሄ ምንድነው?»

«ምኑ?»

«አጥንትሽ ወደ ውጪ ወጥቷል። ብርድ አጥንት አያስወጣም፣ ልጄ። ነገ ሐኪም ቤት ነው።»

በማግስቱ በባጃጅ ሄድን። ልወርድ ቀኝ እግሬን አስቀደምኩ። መሬቱን ረገጥኩ። መሬቱ አልተሰማኝም። ግራውን አስከተልኩ። ወደቅሁ።

ሰው አነሳኝ። ኤክስሬይ ተነሳሁ። ወደ ጅማ ተላክሁ። ኤምአርአይ ተነሳሁ። በመርፌ ከአጥንቴ ናሙና ወሰዱ። ውጤቱ ሲመጣ ዶክተሩ ወንበር ስቦ ከአልጋዬ አጠገብ ተቀመጠ። ወጣት ነው። ዓይን ዓይኔን እያየ ነገረኝ።

«የአከርካሪ አጥንት ቲቢ ነው። ፖትስ ዲዚዝ እንለዋለን። ሁለት አጥንቶችሽን በልቷቸዋል፤ መግሉ ደግሞ ነርቭሽን እየተጫነው ነው።»

«ወደ ሰው ይተላለፋል?»

«ሳንባሽ ንጹሕ ነው። የአንቺው አይተላለፍም።»

«በእግሬ እሄዳለሁ?»

«መድኃኒቱን ሳታቋርጪ ከወሰድሽ ጥሩ ተስፋ አለሽ። ቃል ግን አልገባልሽም።»

ቃል ስላልገባልኝ አመንኩት።

ሕክምናው ዓመት የሚፈጅ ነበር። መጀመሪያ ሁለት ወር አራት ዓይነት መድኃኒት፤ ሪፋምፒሲን፣ አይሶናያዚድ፣ ፒራዚናማይድ፣ ኢታምቡቶል። ቀሪውን ጊዜ ሁለቱን። ነርቭ እንዳይጎዳ ቫይታሚን ቢ ስድስት ተጨመረልኝ። ሽንቴ ብርቱካንማ ይሆናል ብለው አስቀድመው ስለነገሩኝ አልደነገጥኩም፤ ለእናንተም አስቀድሜ መንገሬ ነው። ከብብቴ እስከ ዳሌዬ የሚይዝ ብሬስ ተሠራልኝ። እግሮቼ ከዚያ ከባሰባቸው ለኦፕሬሽን አዲስ አበባ እንደምላክ ተነገረኝ። ከዚያ መኪና ውስጥ አጋድመው ወደ ቦንጋ መለሱኝ።

እናቴ ዳንግላ ነበረች። በጸጥታው ችግር መንገዱ ተዘግቷል። ስልኩም አንዳንድ ሳምንት ይሠራል፣ አንዳንድ ሳምንት ጭራሽ የለም። ሲሠራ ትጠይቀኛለች፤ እኔ እመልሳለሁ፤ ከዚያ ሁለታችንም እናለቅስና ካርዱ ያልቃል። መድረስ እንደማትችል ስለማውቅ ነይ ብያት አላውቅም።

በመጀመሪያው ሳምንት ክፍሌን ሰው አጨናነቀው። ትምህርት ቤቱ መዋጮ አድርጎ፣ መምህራኑ ሁሉ በአንድ ቀን ሙዝና ጁስ ተሸክመው መጡ። ወንበር ስላልበቃ ግማሹ ቆሞ ነበር። የሒሳብ መምህሩ ጋሽ ተፈራ ቀልድ ነገሩኝና ሳቄን አፍኜ ያዝኩት፤ ስስቅ ያመኛልና። «እግዚአብሔር ይማርሽ» ብለው ወጡ። ከዚያ በኋላ ያ በር ለእትዬ በላይነሽና መድኃኒቴን ለምታመጣልኝ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ካልሆነ አልተከፈተም። ከሳምንት በኋላ ሰው ይመጣል ብዬ ፀጉሬን አበጠርኩ። ከወር በኋላ ማበጠሩን ተውኩ። ቲቢ የሚለውን ቃል ሰምተው ነው አልኩ። ተቀየምኩ። ከሕመሙ የባሰብኝ እሱ ነበር፤ ብቻዬን ነበርኩ፣ ብቻዬን መሆኔንም በየሰዓቱ አውቀው ነበር።

ጨዋታውን ያገኘሁት በዚያ ወቅት ነው። ስለ ጀርባ ሕመም ቪዲዮ ሳይ መሀል ላይ ማስታወቂያ መጣና አንድ ፈረስ ስልኬ ላይ ብቅ አለ። ዳማ ነበር። አባቴ በሕይወት ሳለ ፈረሰኛ ነበር፤ እኛ ቤት ልጅ የፈረስ መልክ ሳያውቅ አያድግም። ዳማ፣ ቡላ፣ መጋላ፣ አምባላይ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ቦራ። ሳላስበው ጨዋታውን ስልኬ ላይ ጫንኩት።

በኢንተርኔት የሚጫወቱት ነው። ሰፊ ደሴት አለ፤ እርሻ፣ መንደር፣ የእሽቅድምድም ሜዳ። መንደሩ ውስጥ ያሉት ፈረሶች የሚገዙ ናቸው። ከመንደሩ ወዲያ ግን ስም ያልተጻፈበት ጫካና ሜዳ አለ፤ የዱር ፈረሶች ያሉት እዚያ ነው። እነሱ አይሸጡም። ፈልጎ ላገኛቸውና ላላመዳቸው ሰው ናቸው። የት እንዳሉ የሚጠቁም ምልክት የለም። እዚህ ላይ ሙያዬ ረዳኝ። ፈረስ ውኃ ይፈልጋል፣ ከነፋስ የተከለለ ተዳፋት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ወንዙን ተከትዬ ወደ ላይ እወጣና ሸለቆ ሸለቆውን አስሳለሁ። መንጋው ሲታየኝ ከፈረሴ ወርጄ በሣሩ ውስጥ በእግሬ እቀርባለሁ። ፈረሱ ጆሮውን ሲያቆም ጣቴን ከስልኩ ላይ አነሳለሁ። አንገቱን ወደ ሣሩ ሲመልስ ትንሽ እጠጋለሁ። አንዴ ከቸኮልኩ ይበረግጋል፣ መንጋውም ተከትሎት ይጠፋል። ጤነኛ ሰው ለዚህ ትዕግሥት አይኖረውም። እኔ የምቸኩልበት ቦታ አልነበረኝም። ደግሞም እዚያ በእግሬ እሄድ ነበር።

አልፎ አልፎ ሌሎች ተጫዋቾች በአጠገቤ ይጋልባሉ። የት አገር እንዳሉ አላውቅም። ሰላምታ መስጫ ቁልፍ አለ፤ ስጫነው እኔን ሆና የምትጋልበው ሴት እጇን ታነሳለች፣ እነሱም እጃቸውን አንስተው ያልፋሉ። ሙሉ ቀን ጠብቄ ያገኘሁት ሰላምታ ያ ብቻ የሆነበት ጊዜ አለ። አያሳፍረኝም። የተራበ ሰው ጥሬም ይበላል።

ላመጣሁት ፈረስ ሁሉ ስም ማውጣት ነበረብኝ። እኔን መጠየቅ በተዉ መምህራን ስም ሰየምኳቸው። ቀርቤው ሁልጊዜ የሚያመልጠኝን መጋላ በመጨረሻ ስይዘው ርዕሰ መምህር አልኩት፤ ሣር ሳበላው አንጀቴ ይርሳል። ሰፊ ሆዱን ይዞ የሚያዘግመው ቡላ ጋሽ ተፈራ ሆነ። የእንግሊዝኛዋ መምህርት አምባላይ ነበረች፣ ኩሩ። መምህራኑን ሁሉ እንዲህ አንድ ግጦሽ ውስጥ ሰብስቤ እየዞርኩ አበጥራቸው ነበር። ጨዋታው አንድ ሕግ አለው፤ ከዱር የመጣ ፈረስ ጥቂት ቀን ካልተጎበኘ ወደ ጫካው ይመለሳል። ስለዚህ ሳልጎበኛቸው አልውልም። እኔን የማይጎበኙኝን ሳስብ ነገሩ ይመረኝና ደግሞ እስቃለሁ።

እትዬ በላይነሽ ሾርባ ይዘው ሲገቡ «ዛሬስ ስንት ያዝሽ?» ይሉኛል። መጀመሪያ አእምሮዬን የነካኝ መስሏቸው በጸበል ረጭተውኝ ነበር። በኋላ ለመዱት።

አራተኛው ወር ሲጋመስ ፊዚዮቴራፒስቱ አዴሎ ዎከር፣ ተደግፈው የሚራመዱበትን ብረት፣ ይዞ መጣ። የዚያው አካባቢ፣ የዋጫ ልጅ ነው፤ አማርኛን እየመረጠ፣ ረጋ ብሎ ነው የሚናገረው።

«መምህርት፣ የኤክስሬይ ፎቶው ጥሩ ነው። ነርቭ ነቅቷል። አሁን መቆም አለ፣ በየቀኑ።»

ይዞኝ ቆምኩ። ከዎከሩ ጋር ትንሽ ተራመድኩ። እሱ ሲሄድ ተኛሁ። በማግስቱ አልተነሳሁም። በሦስተኛውም ቀን። ከባጃጁ ስወርድ መውደቄ ከውስጤ አልወጣም ነበር፤ እግሬን መሬት ላይ ባሳረፍኩ ቁጥር የምጠብቀው መሬቱ እንደገና እንዲጠፋ ነው። አዴሎ በየሳምንቱ ሲመጣ «ተለማመድሽ?» ይላል፣ እኔ «አዎ» እላለሁ፣ ጡንቻዬን በእጁ ሲይዘው ግን እውነቱን ያውቀዋል። ዶክተሩ በስልክ «አሁን ካልተንቀሳቀስሽ መድኃኒቱ ያዳነውን መኝታው ያበላሸዋል» አለኝ። ገባኝ። አልተነሳሁም። እዚያ ደሴት ላይ መጋለብ ስችል እዚህ ለምን ልውደቅ?

እትዬ በላይነሽ አንድ ቀን ሾርባውን አስቀምጠው ዎከሩ ላይ የተሰቀለውን ልብሴን አዩ። ልብስ መስቀያ አድርጌው ነበር።

«ስመኝ፣ ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» አሉኝና ወጡ።

ክረምቱ ሲከርር መብራት ጠፋ፣ ኔትወርኩም አብሮ ተመታ። መብራቱ ሲመለስ ኔትወርኩ ክፍሌ ውስጥ አልተመለሰም። የግቢው ሰው ሲደውል ከአጥሩ ጥግ፣ ከእንሰቱ አጠገብ ነው የሚቆመው፤ ሌላ ቦታ አይይዝም። ቀን አለፈ። ሌላም። ስልኬን ከፍ ዝቅ አደረግኩ። ፈረሶቼን አሰብኩ። ስልኩን ለእትዬ በላይነሽ ሰጥቼ ላክኋቸው፤ እንሰቱ ሥር ቆመው ሲነካኩ ቆዩና ተመለሱ። «ሣር ነው የሚያሳየኝ። የፈረሶቹ በር የት እንደሆነ አላወቅሁትም» አሉ።

በዚያ ሳምንት መጨረሻ ዝናቡ ረፋዱ ላይ አባራ። እትዬ በላይነሽ ገበያ ወጥተው ነበር። ልብሴን ከዎከሩ ላይ አወረድኩ። ብሬሱን አጠበቅሁ። ስልኬን አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩ። ተነሳሁ።

እግሬን አሳረፍኩ። መሬቱ ነበር። ዎከሩን ገፋሁ። ሌላውን እግር ጎተትኩ። ቆምኩ። በረንዳውን ጨረስኩ። ደረጃው አንድ ነው። ፈራሁት። ወረድኩት። ጭቃው ዎከሩን ያዘው። ነቀልኩት። ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገባ። እንሰቱን በእጄ ያዝኩ።

ስልኬን ከፈትኩ። ግጦሹ ባዶ ነበር። ርዕሰ መምህሩም፣ ጋሽ ተፈራም፣ አምባላይዋም የሉም። ሁሉም ወደ ጫካቸው ተመልሰዋል። የተንጠለጠለ ባልዲና ሣር ብቻ። እንሰቱን እንደያዝኩ አለቀስኩ፤ የጨዋታ ፈረስ ነው ብዬ ራሴን ልገሥጽ ብሞክርም እንባው አልሰማኝም።

እያለቀስኩ ሳለ ስልኬ መንዘር ጀመረ። መልእክት በመልእክት ላይ። እናቴ ደውላ ነበር። ደግማ፣ ደጋግማ። መልሼ ደወልኩ።

«አንቺ ልጅ! ትናንት ስልኩ ከተለቀቀ ጀምሮ ስደውል፣ ስደውል። አለሽ?»

«አለሁ እማዬ። ቤት ውስጥ ኔትወርክ የለም።»

«አሁን የት ሆነሽ ነው ታዲያ?»

«አጥሩ ጋ።»

«ማን ተሸክሞ አወጣሽ?»

«ማንም። በእግሬ ነው የመጣሁት።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት። ከዚያ እልልታዋን ሰማሁ። ረጅም፣ ትንፋሽ የሚያሳጥር። የጎረቤት ድምፅ «ምን ተገኘ?» ሲል ተሰማኝ፤ እሷም ስልኩን ከጆሮዋ ሳታነሳ «ልጄ ቆመች! ስመኝ በእግሯ ቆመች!» ብላ ጮኸች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እኔ ራሴ መቆሜን ልብ አላልኩትም ነበር።

እትዬ በላይነሽ ከገበያ ሲመለሱ እንሰቱ ሥር ጭቃ ላይ ቁጭ ብዬ አገኙኝ። ሊቆጡ አፋቸውን ከፈቱና ዘንቢላቸውን ጥለው አቀፉኝ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ ረጅምና ዝግ ያለ ነው፤ በየቀኑ ረፋድ ላይ ወደ አጥሩ እየወጣሁ ከእናቴ ጋር ማውራት ጀመርኩ፣ በማይሠራበት ቀንም ልምዱ ስለያዘኝ ወጥቼ እመለሳለሁ፣ ከአጥሩ እስከ ግቢው በር፣ ከበሩ እስከ ጎረቤት ሱቅ እያልኩ መንገዱን አረዘምኩት። አዴሎ ጡንቻዬን ይዞ «አሁን ውሸት የለም» ብሎ ሳቀ፤ ዎከሩን ቀምቶ ከዘራ የሰጠኝ ቀን ደግሞ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲለኝ፣ እኔም እንቁላሉ እስኪሄድ ስንት ጊዜ እንደተንከባለለ የሚነግረን የለም ብዬ መለስኩለት። ክኒኑን አንድም ቀን አላቋረጥኩም፤ የሚያቅለሸልሸኝ ቀን ነበር፣ ጉበቴን በምርመራ የተከታተሉበት ጊዜ ነበር፣ ሁሉም አለፈ። ፈረሶችንም እንደገና ፈለግሁ፣ ግን ጥቂት ብቻ፣ በሰው ስምም አልጠራኋቸውም። ጀርባዬ ላይ ትንሽ ጉብታ ቀርቷል። ቀኝ እግሬ ሲደክመው ይጎተታል። ካርታ የምስለው ግን ቆሜ ነው።

ትምህርት ቤት በተመለስኩበት ሳምንት ጋሽ ተፈራን ብቻቸውን አገኘኋቸውና የያዝኩትን ቂም አወጣሁት።

«ጋሽ ተፈራ፣ ቲቢ ሲባል ፈርታችሁ ነው አይደል የቀራችሁት?»

«ኧረ በፍጹም!» አሉ፤ ፊታቸው ተለዋወጠ። «እንደማይተላለፍ ሁላችንም ሰምተናል። መዋጮ አድርገን አንዴ መጣን። ከዚያ እኔ እንኳ ብዙ ጊዜ በደጅሽ አልፌአለሁ። አንድ ቀን እንዲያውም በርሽ ላይ ቆሜ ነበር። ግን በእጄ ምንም አልነበረም። ሕመምተኛ ቤት ባዶ እጄን እንዴት ልግባ? አፈርኩና ተመለስኩ።»

እኔ ብቻዬን ነኝ ብዬ ግድግዳ ሳይ ደጄ ላይ ሰው ቆሞ ነበር። ሌሎቹንም አንድ በአንድ ጠየቅሁ፤ መልሳቸው ያው ነው። ባህላችን ነው ያቀፈኝ በመጀመሪያው ሳምንት፤ በቀሪው ጊዜ ጠያቂ የከለከለኝም እሱው ነው።

ቃል ያልገባልኝን ዶክተር፣ አዴሎን፣ መድኃኒቴን በዝናብ ያመላለሰችልኝን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ከሁሉ በላይ እትዬ በላይነሽን አመሰግናለሁ። እናቴን የማመሰግንበት ቃል የለኝም። ይህን ተኝታችሁ የምታነቡ ደግሞ ስሙኝ፤ ላብና ክሳት ያለበት የጀርባ ሕመም ብርድ አይደለም። መድኃኒቱን እስከ መጨረሻው ክኒን ዋጡ። ተነሱ ስትባሉ ተነሱ፤ የሚያስነሳችሁ ነገር የማይረባ ቢመስል እንኳ በእሱ ተነሱ። በሽታችሁን አትደብቁ፤ ሰው ካልመጣ ደግሞ በስሙ ጠርታችሁ ና በሉት። እኔ አልጠራሁም።

ደህና ለሆናችሁት የምለው አንድ ነገር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም አለ። እናንተ ከሦስት ወር በኋላ ሂዱ። ሙዙ ይቅር። በሩ ላይ አትቁሙ፤ ባዶ እጃችሁን ግቡ።